ከደሴ ሆኜ በሱፐርክሪቲካል ፍሉይድ የፖሊመር ምርምር ውስጥ ልግባ? ድርሻዬስ ምን ይሁን?

የጦሳ ሥር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ያለሁት ደሴ ነው። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የማስተርስ ሥራዬ ፖሊመር ሲንተሲስ፣ ማለትም ረጃጅም የሰንሰለት ሞለኪውሎችን መሥራት ላይ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ከውጭ አንድ ኢሜይል ደረሰኝ። የላኩት በኦንላይን ያቀረብኩትን ገለጻ ያዩ ተመራማሪዎች ናቸው። የሦስት አገር ላቦራቶሪዎች ተጣምረው ብሎክ ኮፖሊመር የሚባሉ ፖሊመሮች በሱፐርክሪቲካል ካርቦን ዳይኦክሳይድ (በሙቀትና በግፊት ፈሳሽም ጋዝም ያልሆነ) ውስጥ ማንም ሳይነካቸው ራሳቸውን እንዴት እንደሚያደራጁ ያጠናሉ። አራተኛ አጋር እንድሆን ፈልገዋል። ጥያቄያቸው አንድ መስመር ናት፤ «ከእናንተ በኩል የትኛውን ሥራ ብትይዙ ትወዳላችሁ?» ትላለች። ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ አጣሁላት።

ከዘርፉ ውጭ ላላችሁ በአጭሩ ላስረዳ። ብሎክ ኮፖሊመር ማለት ሁለት የማይስማሙ ሰንሰለቶች ጫፍ ለጫፍ የተያያዙበት አንድ ሞለኪውል ነው። እንደማይዋደዱ ሁለት ቤተ ዘመዶች ቁጠሩት። ልጆቻቸው ስለተጋቡ መለያየት አይችሉም፤ ተቀላቅለው መቀመጥም አይፈልጉም። ዳሱ ውስጥ ሲገቡ የወንዱ ወገን በአንድ በኩል፣ የሴቷ ወገን በሌላ በኩል ይሰበሰባል፣ ሙሽሮቹ ድንበሩ ላይ ይቀራሉ። ፖሊመሩም እንደዚያ ነው። አንደኛውን ወገን ብቻ የሚወድ አሟሚ ውስጥ ስታስገቡት ያልተወደደው ወደ መሐል ይሸሻል፣ የተወደደው ዙሪያውን ይከበዋል። ሚሴል የምንላት ኳስ ትፈጠራለች። እንደ ሰንሰለቶቹ ርዝመት ኳሷ ዘንግ ወይም ንጣፍም ልትሆን ትችላለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጥቂት አሥር ናኖሜትሮች ውስጥ ነው።

ይህንኑ ለእናቴ ቡና እያፈላች ነገርኳት። በሳሙና ነው ያስረዳኋት፤ ዘይት የነካውን ሰሃን ስናጥብ ሳሙናው በአንድ ጫፉ ዘይቱን፣ በሌላው ውሃውን ይይዛል አልኳት። አቦሉን እየቀዳች «ታዲያ ውሃው እያለ ለምን በጋዝ?» አለችኝ። የሚያረካ መልስ አልሰጠኋትም።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። አንደኛ፣ እኛ ጋ የከፍተኛ ግፊት ዕቃ የለም። እስካሁን በእጄ የነካሁት ትልቁ ግፊት የአውቶክሌቭ (ዕቃ በእንፋሎት የምናመክንበት) ነው፣ እሱም 2 ባር አይሞላም። ሁለተኛ፣ ከዚህ በፊት ለአንድ የውጭ ቡድን ስምንት ወር የለፋሁበትን ናሙና ልኬ ነበር። ፔፐሩ ሲወጣ ስሜን ያገኘሁት መጨረሻ ላይ፣ ምስጋናው ውስጥ ነው። ያ ነገር አሁንም ያመኛል። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም ይከብደኛል። ተማሪዎቼ ከዚህ ምን ያገኛሉ? እኔ ሄጄ አይቼ ብመለስ እነሱ ጋ ምን ይደርሳል?

በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ልግባ? ከገባሁስ የትኛውን ሥራ ልያዝ?

ከወልዲያ፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ግቢ። ለምን እንደምልሽ ግን ልንገርሽ።

እኔ ፒኤችዲዬን የሠራሁት ውጭ አገር፣ ከዚሁ ጋር በሚቀራረብ ርዕስ ነው። የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። አውራ ጣት የምታክል የብረት ዕቃ ናት፣ ፊቷ ላይ የሰንፔር መስኮት አላት። ግማሿ ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ግማሿ ጋዙ። መሐላቸው ላይ እንደ ክር የቀጠነች መስመር ትታያለች። ቀስ እያልን አሞቅናት። 29፣ 30፣ 31 ዲግሪ ስትደርስ መስመሯ ደበዘዘች፣ ከዚያ ውስጡ በሙሉ ጭጋግ ሆነ። ክረምት ላይ ከጦሳ ወርዶ ከተማውን የሚውጠውን ጉም አስቢው። ብርሃኑ ወደ ቡናማ አደላ። ወዲያው ጠራ። መስመሯም የለች፣ ፈሳሽ የለ፣ ጋዝ የለ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ክሪቲካል ነጥብ ይህ ነው። ለካርቦን ዳይኦክሳይድ 31 ዲግሪ ሴልሺየስና 73.8 ባር ነው። ለውሃ 374 ዲግሪና 221 ባር ይፈልጋል። ሰው ሁሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚመርጠው ለዚህ ነው፣ ለብ ባለ ሙቀት ይሠራል።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስልሽ። ፈረንሳዊው ካኛር ዴ ላ ቱር እ.ኤ.አ. በ1822 በታሸገ የመድፍ አፈሙዝ ውስጥ ፈሳሽና ኳስ ከቶ እያሞቀ ሲያንከባልል፣ ከአንድ ሙቀት በላይ የፈሳሹ መንቦጫረቅ ሲጠፋ በጆሮው ሰማ። አየርላንዳዊው ቶማስ አንድሩስ እ.ኤ.አ. በ1869 በካርቦን ዳይኦክሳይድ ለክቶ «ክሪቲካል ነጥብ» የሚለውን ስም ሰጠው።

አሁን የእናትሽ ጥያቄ። እሷ የጠየቀችው የዘርፉን ዋና ጥያቄ ነው። ብዙ ፖሊመር በውሃ አይሟሟም። በቶሉዊን፣ በክሎሮፎርም ይሟሟል፣ እነሱን ግን ከምርቱ ጨርሶ ማስወጣት ፈተና ነው። መድኃኒት ተሸካሚ ልትሠሪ ብትፈልጊ ቅሪቱ ራሱ መርዝ ይሆንብሻል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ግፊቱን ስትለቂው ይበናል፣ ደረቅ ዱቄት ይቀርልሻል። ለእናትሽ ደግሞ የቡናውን ንገሪያት። ኩርት ዞዘል የሚባል ጀርመናዊ በሙልሃይሙ የማክስ ፕላንክ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሱፐርክሪቲካል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካፌይንን ከቡና ፍሬ ለይቶ እንደሚያወጣ አገኘ። ዛሬ ካፌይን የሌለው ቡና በብዛት ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱ እሱ ነው። ካፌይኑ ይሄዳል፣ ፍሬው ላይ የሚቀር አሟሚ የለም።

እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነው። የዚህ አሟሚ ጉልበት በግፊት ይቀየራል። በ40 ዲግሪ ላይ 80 ባር ብታደርጊው እፍጋቱ በሚሊ ሊትር 0.28 ግራም ገደማ ነው። እዚያው ሙቀት ላይ 200 ባር ስታደርሺው 0.84 ይሆናል። ሦስት እጥፍ ማለት ነው፣ አንድ ጠብታ ሌላ ነገር ሳትጨምሪ። ሳሙና ውሃ ውስጥ ሚሴል እንዲሠራ መጠኑ ከአንድ ወሰን ማለፍ አለበት። እዚህ ከመጠኑ ሌላ የአሟሚው እፍጋት ራሱ ወሰን አለው። ግፊቱን ስትጨምሪ አሟሚው እየበረታ ሚሴሎቹ ይፈርሱና ሞለኪውሎቹ አንድ በአንድ ይበተናሉ። ስትቀንሺው ተመልሰው ይሰበሰባሉ። ቤተ ዘመዶቹን በአንድ ቁልፍ መበተንና መሰብሰብ በይው።

በጋራ መሥራቱም በዚህ ዘርፍ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣውን ሥራ ተመልከቺ። ጆሴፍ ዴሲሞን ያለበት የሰሜን ካሮላይና ቡድን ነው፣ አንዱ ብሎክ ፖሊስታይሪን፣ ሌላው ፍሎሪን ያለበት አክሪሌት የሆነ ፖሊመር ሠሩ። ሚሴሉን ያዩት ግን በኒውትሮን ነው፣ በኦክ ሪጅ ላቦራቶሪ። ከጣሊያን ፓሌርሞ የመጡ ሳይንቲስቶችም አብረው ነበሩ። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይተነትናል። ማንም ብቻውን አልጨረሰውም። አንቺም «ዕቃ የለኝም» ብለሽ አትሸማቀቂ፣ እነሱም የኒውትሮን ምንጭ በጓሯቸው የላቸውም።

ሐረጎ መውረጃ፦

እኔ ኬሚስት አይደለሁም። ኮምቦልቻ መካኒካል ነኝ፣ ግፊት ያለበት ዕቃ ላይ ነው ውሎዬ። ስለ ግፊቱ ብቻ ልናገር።

አውቶክሌቭሽን ረስተሽ አስቢ። 200 ባር ማለት ጥፍርሽ በምታክል ቦታ፣ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 200 ኪሎ መጫን ነው። የሁለት ኩንታል ጤፍ። ስለዚህ «ዕቃውን እዚሁ አስበይደን እንሥራው» የሚል ሰው ከመጣብሽ እንዳትሰሚው። የተፈተነ፣ ቁጥር የተመታበት፣ ራፕቸር ዲስክ (ግፊት ሲበዛ ቀድሞ ተቀዶ የሚያስተነፍስ) ያለው ዕቃ ካልሆነ ተማሪ አጠገቡ አይቁም።

ጥቂት ነገር ደግሞ ከእጅ ሥራ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ጌጁ በ20 ዲግሪ 57 ባር አካባቢ ያሳያል። ሲሊንደሩ ሙሉ ሆነ ግማሽ ያው 57 ነው፣ ፈሳሹ እስኪያልቅ አይንቀሳቀስም። ብዙ ሰው «ገና ሙሉ ነው» ብሎ ሥራ መሐል ባዶ የሚሆንበት ለዚህ ነው። በሚዛን ነው የሚታወቀው። ለፓምፕ ከሆነ ደግሞ ውስጡ እስከ ታች የሚወርድ ቱቦ ያለውን ሲሊንደር ጠይቂ፣ አለዚያ ፈሳሹ ሳይሆን ጋዙ ነው የሚመጣልሽ። የፓምፑም ራስ መቀዝቀዝ አለበት።

ኦሪንግ፣ ማሸጊያው የጎማ ቀለበት፣ ሌላ ጉድ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጎማው ውስጥ ይሰርጋል። ግፊቱን በአንዴ ከለቀቅሽው ጎማው እንደ ፈንዲሻ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ጋዙ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል፣ ክፍሉ ወለል ላይ ይተኛል፣ ሽታ የለውም። መስኮት ይከፈት፣ የጋዝ መለኪያ ይገዛ። ያኔ ነው ሥራ የሚጀመረው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የኛን አገር ስለሚመለከት። ደሴ ላይ ጠጥተሽ የከደንሽው ባዶ ሃይላንድ ሐረጎን ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ጭምድድ ይላል አይደል? ደሴ ያለው የአየር ግፊት 0.75 ባር ገደማ ስለሆነ ነው። ጌጅ ደግሞ የሚያነበው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ነው። ስለዚህ የደሴ ጌጅና ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ጌጅ ሩብ ባር ያህል ይለያያሉ። ለብየዳ ግድ የለም። ከክሪቲካል ነጥቡ አጠገብ ለሚለካ ሰው ግን ግድ አለው። ውጤት ስትለዋወጡ ሁልጊዜ አብሶሉት ግፊቱን (የጌጁ ንባብ ሲደመር የአካባቢው አየር) ጻፉ።

ጉም፦

እኔ ደግሞ በሌላ መንገድ ልምጣ። ሲሙሌሽን ያዢ፣ ሞለኪውሎቹን በኮምፒዩተር ማስመሰል። ባር የለም፣ ኦሪንግ የለም፣ ጉምሩክ የለም።

ላምፕስና ግሮማክስ የሚባሉት የሲሙሌሽን ፕሮግራሞች በነፃ ይወርዳሉ። ደሴ መብራት እንደሚጠፋ አውቃለሁ፣ እኔም ደሴ ነው ያደግሁት፣ ሰኞ ገበያ። ሁለቱም ግን ሥራውን በየመሐሉ ያስቀምጣሉ፤ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ ደህና ኮምፒዩተርና ሁለት ተማሪ ይበቃሻል። ተማሪዎቹ ሞለኪውሎቹ ሲሰበሰቡ በዓይናቸው ያያሉ። ለሦስተኛው ጭንቀትሽ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ግን አንድ ጉድጓድ አለ፣ ቀድመሽ እወቂው። ለፖሊመር ሚሴል ሰው ሁሉ የሚያነሳው ዲፒዲ የሚባለውን ዘዴ ነው። ፈጣን ነው፣ ለውሃ ይመቻል። በተለመደው መልኩ ግን ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚገፋፉ ብቻ ናቸው፣ የሚሳሳቡበት ነገር የለም። ስለዚህ ጋዝና ፈሳሽ ተለያይተው አይታዩበትም። ጋዝና ፈሳሽ የማይለይ ሞዴል ደግሞ ክሪቲካል ነጥብ የለውም! ሱፐርክሪቲካል ነው ብሎ በሱ የሠራ ሰው የሠራው ሌላ ነገር ነው። ወይ መሳሳብ የተጨመረበትን ዓይነት ውሰጂ፣ ወይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በአተም ደረጃ አስገቢው። ሃሪስና ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት ሞዴል አለ፣ ሦስት ነጥብ ብቻ ነው፣ ክሪቲካል ሙቀቱን በደንብ ይሰጣል።

ከወልዲያ፦

ጉም፣ ስለ ዲፒዲ ያልከው ትክክል ነው፣ እግዜር ይስጥህ። «ሲሙሌሽን ያዢ» የምትለዋን ግን አልቀበልም። ብቻዋን ከሆነች ማለቴ ነው።

እሷ እኮ በእጇ ፖሊመር የምትሠራ ሰው ናት። ሙያዋን ትታ ሲሙሌሽን ከዜሮ ልትጀምር ነው? ደግሞ ውጭ ያሉት ትልልቅ ኮምፒዩተር አላቸው። እሷ በስድስት ወር የምታስኬደውን እነሱ በሳምንት ያስኬዱታል። ያኔ ድርሻዋ ቀስ ብሎ ይሟሟል፣ ማንም ክፉ ሳይሆን። በጋራ ሥራ ውስጥ የሚያስከብርሽ አንቺ ባትኖሪ የሚቆም ሥራ መያዝሽ ነው።

ጉም፦

አብሽር፣ ቅር አላለኝም። ልክ ነህ፣ ለብቻው ያንሳል። ለተማሪዎቹ ግን ይግባላቸው፣ ከዚህች አልወርድም።

የሐይቅ ሰው፦

ልጄ፣ ደህና ነሽ? እኔ ጡረታ የወጣሁ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፣ ሐይቅ ነው ያለሁት። ወጣቶቹ የተናገሩትን ሁሉ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል። ሁለት ነገር ግን ከብዶኛል።

የመጀመሪያው፣ ይህ ምርምር ለማን ነው? ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ የሚሠራባት ከተማ ናት፣ የኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። የትም አገር የጨርቅ ማቅለሚያ ውሃ ይበላል፣ ፍሳሹም ወንዝ ይፈልጋል። ዳይኩ የሚባል የኔዘርላንድ ድርጅት ፖሊስተርን ያለ ውሃ በሱፐርክሪቲካል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያቀልም ማሽን ለገበያ አውጥቷል፣ በ120 ዲግሪና በ250 ባር አካባቢ ይሠራል። ለጥጥ ግን ያው ቀለም አይሆንም፣ ጥጥ ውሃ ወዳድ ነው፣ ቀለሙ ደግሞ ውሃ አይወድም። የኛ ሰው የሚለብሰው ጥጥ ነው። ከሚሴሉ ጋር ይህ ግንኙነት የለውም እንዳትዪኝ። ውሃ ወዳዱን ቀለም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ይዞ የሚዞር ነገር ካስፈለገ ያው በመሐሉ ትንሽ ውሃ የቋጠረ ሚሴል ነው። ይህን ጥያቄ ይዘሽ ግቢ። ጥያቄው የወሎ ይሁን።

ሁለተኛው፣ በጣም ያሳሰበኝ፣ ፍሎሪኑ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወዳቸው ፖሊመሮች ጥቂት ናቸው፣ ሲሊኮንና ፍሎሪን ያለባቸው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የታወቁት ሥራዎች ብዙዎቹ በፍሎሪን ናቸው። ረጅም የፍሎሪን ሰንሰለት ተፈጥሮ ውስጥ አይፈርስም፣ ውሃና ደም ውስጥ ይቀራል። ከነዚህ አንዱ፣ ፒኤፍኦኤ የሚባለው አሲድ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በስቶክሆልም ስምምነት (ቶሎ የማይፈርሱ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚመለከተው) ከታገዱት ተርታ ገብቷል፣ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። «አረንጓዴ አሟሚ» ብሎ አረንጓዴ ያልሆነ ፖሊመር መጨመር ልክ አይመስለኝም። ደሴ ላይ ያንን ፍሳሽ የምናስወግድበት ቦታም የለንም። እሱን ሥሪ ካሉሽ እምቢ በይ።

የጦሳ ሥር፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወላሂ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ፣ እርስዎ ያሉትን ፍሎሪን። ፕሮፖዛላቸውን እንደገና አነበብኩት። ካሰቧቸው አራት ፖሊመሮች ሦስቱ ፍሎሪን አለባቸው።

ሐረጎ፣ ያልከውን ሁሉ ማስታወሻ ላይ ገልብጬዋለሁ። የሲሊንደሩን ነገር በፍጹም አላውቅም ነበር። ለእናቴም የቡናውን ነገርኳት። «ካፌይኑን ካወጡት ምኑን ይጠጡታል?» አለች፣ ግን አሟሚው እንደማይቀር ስነግራት ገባት።

እንግዲህ ይህን አሰብኩ፣ ፍረዱኝ። የቤክማን ቡድን ፒትስበርግ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 ፍሎሪን የሌላቸው፣ ከኢተርና ከካርቦኔት የተሠሩ፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ በደንብ የሚሟሟ ፖሊመሮችን አሳይቷል። ፖሊቪኒል አሲቴትም ከተራ ፖሊመሮች ሁሉ የተሻለ ይሟሟል። ቪኒል አሲቴት ደግሞ በብርጭቆ ዕቃ፣ በናይትሮጅን ሥር፣ እዚሁ የምሠራው ነገር ነው። «ፍሎሪን የሌለበትን ብሎክ እኔ እሠራለሁ» ብል ድርሻ ይሆናል? ሞለኪውላዊ ክብደቱን የሚለካ ጂፒሲ የለኝም፣ እሱን እነሱ ይለኩልኛል።

ከወልዲያ፦

ይሆናል! ገና ከመነሻው ይህን ብትጽፊ ኖሮ እኔም ያን ሁሉ ባልዘላበድኩ። ያንቺ ድርሻ እሱ ነው። አንቺ ካልሠራሽው ናሙና የለም፣ ናሙና ከሌለ ኒውትሮኑ ምን ያያል?

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ቪኒል አሲቴት መጽሐፍ ላይ በ72 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ደሴ ላይ 64 አካባቢ ነው የሚፈላው። በ70 ዲግሪ ሥሩ የሚል አሠራር ክፍት ሪፍላክስ (እንፋሎቱን እያቀዘቀዘ የሚመልስ ዕቃ) ላይ ከደገምሽ ሞኖመሩ፣ ማለትም ቪኒል አሲቴቱ፣ ይበንብሻል፣ መጠኑም ይዛባል። በታሸገ ቱቦ ሥሪው ወይም 60 ላይ ያዢው። ይህን የመሰለ ነገር ፔፐሩ ውስጥ በደንብ ይጻፍ፣ ከፍታ ላይ ያለ ላቦራቶሪ ሁሉ ይፈልገዋል።

ስለ ስምሽ ደግሞ። ያ የደረሰብሽ ነገር የደረሰው ስላላወራችሁ ይመስለኛል። አሁን ከመጀመሪያው ኢሜይል ላይ ጻፊው፤ ፖሊመሩ የደሴ ከሆነ ስለ ፖሊመሩ የሚወጣው ፔፐር ላይ ፈርስት ኦተር ከደሴ፣ በሚለካበት ሥራ ላይ ደግሞ አብሮ ጸሐፊ። ስማቸውን የሚያከብሩ ሰዎች በዚህ አይከፉም። ደስ ይላቸዋል እንጂ። ናሙናሽን ብቻሽን በፖስታ አትላኪ፣ ከናሙናው ጋር ሰው ይሂድ። ግፊት ማውረድ ስትጀምሪ ጠርቶ የነበረው ፈሳሽ በየትኛው ባር ላይ እንደሚደፈርስ በዓይንሽ እዪ። ክላውድ ፖይንት ይባላል፣ የፖሊመርሽን ጠባይ የሚነግርሽ እሱ ነው። ከዚያ ተመልሰሽ ሰንሰለቱን ታሳጥሪያለሽ ወይ ታስረዝሚያለሽ።

ጉም፦

ስለ መሄዱ፣ ላምፕ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ በዓለም አቀፍ የፊዚክስና የክሪስታሎግራፊ ማኅበራት የተቋቋመ። መምህርና ተማሪ አንድ ላይ ወደ ትልልቅ የኤክስሬይ ምንጮች እንዲሄዱ ይደግፋል። አፍሪካም ውስጥ አለች። ከተማሪሽ ጋር አመልክቺ፣ ብቻሽን አትሂጂ። ከላይ ከጻፍኩት የሲሙሌሽኑ ላምፕስ ጋር እንዳይምታታብሽ፣ ሌላ ነው።

ኒውትሮኑ ደግሞ ግሬኖብል ያለው የላወ ላንዥቫን ተቋምም ሆነ እንግሊዝ ያለው አይሲስ በፕሮፖዛል ነው የሚሰጡት። ካሸነፍሽ ሁለት ሦስት ቀን ይሰጥሻል፣ ቀንና ሌሊት ነው። ግሬኖብል በአባል አገሮች ገንዘብ ስለሚተዳደር አጋሮችሽ ያቅርቡት፣ አንቺ ውስጡ ግቢ። ፕሮፖዛሉ ላይ «ለምን ይህ ፖሊመር» የሚለውን አንቀጽ ግን አንቺ ጻፊው።

የሐይቅ ሰው፦

ተባረኩ። ልጄ፣ ብቻሽን እንዳልሆንሽም እወቂ። ያ ጸጉሩ እንደ አይንስታይን የቆመው፣ በዩቲዩብ ኬሚስትሪ የሚያስተምረው የኖቲንግሃሙ ሰር ማርቲን ፖሊያኮፍ ሙያው ይኸው ሱፐርክሪቲካል ፍሉይድ ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ጋር ለዓመታት ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የአዲስ አበባዋ ንግሥት አስፋውና ባልደረቦቿ ከኖቲንግሃሞቹ ጋር ሆነው ለአፍሪካ የሚሆኑ 13 የአረንጓዴ ኬሚስትሪ መርሆች ጽፈዋል። ፈልገሽ አንብቢው። ከኛ አገር ተነስቶ በዚህ ዘርፍ አብሮ መጻፍ አዲስ አይደለም።

የጥጡን ነገር ግን አልተውኩትም። ይጻፍልኝ።

የጦሳ ሥር፦

ጋሼ፣ ተጽፏል። ኢሜይሉን ዛሬ ጠዋት ላክሁት። አምስት መስመር ነው። ፍሎሪን የሌለበትን ብሎክ ከደሴ እንሠራለን። ናሙናው ከአንድ ተማሪ ጋር ይመጣል። የመጀመሪያው የፖሊመር ፔፐር ከዚህ ይጻፋል። ሦስቱን ፍሎሪን ያለባቸውን እኛ አንነካም፣ ምክንያቱንም ጽፌያለሁ። መጨረሻ ላይ፣ ሚሴሉ መሐል ውሃ ይዞ የጥጥ ቀለም መሸከም ይችል እንደሆነ በሁለተኛው ዓመት እንፈትሽ ብያለሁ።

ሁለት ተማሪ ደግሞ ዛሬ ሲሙሌሽኑን ጀምረዋል። ጉም፣ የሦስት ነጥቡን ሞዴል ነው የያዙት። አንዷ ከሰዓት ላይ «መምህርት፣ ጋዝና ፈሳሽ ሲለይ አየሁት» ብላ እየሮጠች መጣች። ስክሪኑ ላይ አንድ ወገን ጥቅጥቅ ያለ፣ ሌላው ሳሳ ያለ ነጥብ ብቻ ነው። እሷ ግን ከወልዲያ የነገረኝን መስኮት ያየች ያህል ነው የሆነችው።

ሐረጎ፣ አንድ ልጠይቅህ። እዚህ ሲሊንደር አይተው የማያውቁ 11 ተማሪዎች አሉኝ። ምንም ሳንከፍት፣ ጌጅ ማንበብና ሲሊንደር መመዘን ብቻ የሚያዩበት መንገድ ይኖር ይሆን?

ሐረጎ መውረጃ፦

አለ እንጂ። ሐሙስ ከሰዓት ይምጡ። ሚዛኑም አለ፣ አንድ ሙሉና አንድ ፈሳሹ ጥቂት የቀረው ሲሊንደር ጎን ለጎን አቆምላቸዋለሁ፣ ጌጁን አንብበው የትኛው ሊያልቅ እንደደረሰ ይገምቱ፣ ከዚያ ይመዝኑት። የሰነጠቀ ኦሪንግም አስቀምጬላቸዋለሁ። ክፍት ጫማ አድርገው እንዳይመጡ ብቻ ንገሪያቸው።